«ጌታ ተናግሮኛል» ከተባለ በኋላ፦ በጅማ የአንድ የልጆች አገልግሎት የውሳኔ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በአገልግሎት ስብሰባዎቻችን «ጸልየንበታል» የተባለ ነገር እንደገና ለውይይት ሲቀርብ ማየት ብርቅ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ቀረበ። መሪው ጾሞ ጸልዮ መልስ አግኝቻለሁ ካለና ቡድኑም አሜን ካለ በኋላ አንዲት አባል አልፈርምም በማለቷ ነገሩ ከሥሩ ታየ። እኔ አገልግሎቱ ከተጠለለበት አጥቢያ ሽማግሌዎች ጋር በስብሰባዎቹ እገኝ ነበር። የሰዎቹና የአገልግሎቱ ስም የተተወው በራሳቸው ጥያቄ ነው። እንዲጻፍ ግን ሁሉም ተስማምተዋል፤ ከሁሉም በላይ የገፋፋኝ መሪው ነው።

ዳራ

አገልግሎቱን የጀመሩት ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው እዚያው ከተማ ሥራ የያዙ ጥቂት ወጣቶች ናቸው። በተማሪነታቸው በአንድ ኅብረት ይጸልዩ ነበር። በመናኸሪያውና በሄርማታ መርካቶ መካከል ጫማ የሚጠርጉ፣ ዕቃ የሚሸከሙ፣ ማስቲካና ሶፍት የሚያዞሩ ልጆችን ማታ ማታ ያስጠናሉ፤ ራት ያበላሉ። ቅዳሜ ጠዋት ለሚፈልጉ ቃለ እግዚአብሔር ያስተምራሉ። ወደ ቤተሰቡ መመለስ የሚፈልግ ልጅ ሲያገኙ ደግሞ ትራንስፖርቱን ከፍለው፣ አንድ ሰው ጨምረው ይሸኙታል።

ልጆቹ የሚመጡት ከዳውሮ፣ ከከፋና ከጅማ ዙሪያ ወረዳዎች ነው። ከፊሎቹ የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ይህም በአባ ጅፋር አገር የሚያስገርም አይደለም፤ የዞኑ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ሠፈርተኛው ጥናቱንና ራቱን ይወድላቸው ነበር። በበዓል ቀን ከጎረቤት ሙስሊም እናቶች ዳቦ የሚመጣበት ጊዜ ነበር።

የመሪዎቹ ቡድን ሰባት ሰው ነው። መሪው ከሌሎቹ በዕድሜ ላቅ ያለ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት ሰው ነው። ጸሎተኛ ነው፤ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚነበበው ሁሉ የግብዝ ሰው ታሪክ ተደርጎ እንዳይወሰድ ነው። ገንዘብ ያዥዋ በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት።

በግንቦት ወር የተከራዩት ቤት ባለቤት ቤቱን ሊሸጠው እንደሆነና እስከ ክረምቱ መጨረሻ እንዲለቁ ነገራቸው። ሰኔ ላይ ጅማ ያደገና አሁን በውጭ አገር የሚኖር አንድ ወንድም መልእክት ላከ። ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ላይ ሰፊ ግቢ እንደተገኘ፣ የሁለት ዓመት ኪራይ እንደሚከፍል ጻፈ። ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፦ ልጆቹ እዚያው እያደሩ የሚያድጉበት ማሳደጊያ ይሁን።

ችግሩ

መሪው ሦስት ቀን ጾመ። በዚያው ሳምንት እሑድ ከሌላ ከተማ የመጣ አገልጋይ በጸሎት መካከል «ሰፊ ስፍራ አያለሁ» አለ። ስለ ግቢው ማንም አልነገረውም። መሪው ቤቱ ገብቶ ዘፍጥረት 26ን ገለጠ፤ ይስሐቅ ከሁለት ጠብ በኋላ ጉድጓድ ቆፍሮ ርኆቦት፣ ማለትም ሰፊ ስፍራ፣ ያለበትን ቦታ። ማክሰኞ ማታ ቡድኑን ሰብስቦ «ጌታ አረጋግጦልኛል» አለ። አሜን ተባለ፤ ጸሎት ተደርጎ ተበተኑ።

ገንዘብ ያዥዋ በስብሰባው ላይ ምንም አልተናገረችም። የስምምነቱ ደብዳቤ ለፊርማ ሲመጣላት ነው የመለሰችው።

«ጋሼ፣ እኔም ጸልያለሁ። ሰላም ግን አላገኘሁም። ደግሞስ ልጆቹ ከሥራ ሲወጡ በዚያ ማታ እዚያ ድረስ በምን ይሄዳሉ?»

«በጸሎት የመጣውን ነገር በባጃጅ ሂሳብ ልታስቆሚው ነው?»

በቀጣዮቹ ሳምንታት የጸሎት ርዕሱ «ጌታ ሆይ፣ ግቢውን ስጠን፤ ተቃውሞን ሁሉ አፍርስ» ሆነ። ተቃውሞ የተባለው ማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። እርሷም በየጸሎቱ ትገኝ ነበር። ኋላ ላይ «በራሴ ላይ አሜን ስል ከረምኩ» ብላ ስትናገር የሳቁም ያለቀሱም ነበሩ።

ችግሩ የጸሎት ማነስ አልነበረም። እንዲያውም ጸሎት በዝቶ ነበር። የጠፋው የመጣውን መልስ የመመዘን መንገድ ነው። በ2ኛ ሳሙኤል 7 ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ልሥራ ብሎ ሲያማክረው፣ ናታን በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ፣ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ነው አለው። ናታን እውነተኛ ነቢይ ነው፤ ሐሳቡም መልካም ነበር። በዚያው ሌሊት ግን ሌላ ቃል መጣለትና ተመልሶ ሄዶ ለንጉሡ ነገረው። በብዙ አጥቢያዎቻችን ናታን ተመልሶ የሚሄድበት መንገድ አልተበጀለትም። አንዴ «ተናግሮኛል» ያለ ሰው ቃሉን ቢያስተካክል ክብሩ የሚወድቅ ይመስለዋል። አድማጩም ቢጠይቅ ከእግዚአብሔር ጋር የተከራከረ ይመስለዋል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ነገሩ ወደ አጥቢያው ሽማግሌዎች ሄደ። ሽማግሌዎቹ ማን ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ አልቸኮሉም። መጀመሪያ ያደረጉት አነጋገርን ማስተካከል ነው። ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ ማንም፣ መሪውም ጭምር፣ «ጌታ ተናግሮኛል» እንዳይል ጠየቁ። በምትኩ «እንዲህ የሚል ነገር በልቤ አለ፤ መዝኑልኝ» ይባል። መሪው ይህን ሲሰማ ከፋው፤ መንፈስን ማጥፋት ነው አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሪው የጠቀሰውን ክፍል እስከ መጨረሻው እንዲያነበው ጠየቀው፤ በ1ኛ ተሰሎንቄ 5 መንፈስን አታጥፉ ከሚለው ቀጥሎ ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉን ፈትኑ የሚል አለ። በ1ኛ ቆሮንቶስ 14ም ነቢያት ሲናገሩ ሌሎቹ እንዲለዩ ታዝዟል። መሪው ወዲያው አልተስማማም፤ ጥቂት ቀን ወሰደበትና ተቀበለ።

ቀጥሎ የጸሎት ርዕሱ ተቀየረ። «ግቢውን ስጠን» የሚለው ቀርቶ «ለእነዚህ ልጆች በሚቀጥለው ዓመት ምን እንድናደርግ ትፈልጋለህ?» ሆነ። ትንሽ ለውጥ ይመስላል፤ ግን የመጀመሪያው ጸሎት መልሱን ይዞ የመጣ ነው፣ ሁለተኛው «አይሆንም» ለሚል መልስም ቦታ አለው።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ሰባቱንም ለየብቻቸው አንድ ነገር ጠየቁ፦ እግዚአብሔር ይህን አትውሰዱ ቢላችሁ ደስ ብሏችሁ ትመለሳላችሁ? በእኔ ግምት የጉዳዩ ማዞሪያ እዚህ ላይ ነው። መሪው ለብቻው ሲጠየቅ ዝም አለና ለለጋሹ አስቀድሞ እሺ ብሎ እንደነበር ተናገረ። ከጾሙ በፊት ነው እሺ ያለው። ዋሽቶ አይደለም፤ በስልክ፣ በደስታ፣ በደቂቃ ውስጥ ያመለጠው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጾሙ ፈቃድ መጠየቂያ ሳይሆን የተሰጠን ቃል ማጽኛ ሆነ። በኤርምያስ 42 የተረፉት የይሁዳ ሰዎች ነቢዩን ጸልይልን፣ በጎም ቢሆን ክፉም ቢሆን እንታዘዛለን ይሉታል። ቃሉ የመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። እነርሱ ግን ፊታቸውን ወደ ግብፅ ካቀኑ ቆይተው ነበር። ይህ ክፍል በቡድኑ ፊት ሲነበብ መሪው ራሱ ስለ ስልኩ ለሁሉም ተናገረ። ማንም አላስገደደውም።

እዚህ ላይ የጆርጅ ሙለር ስም መነሳቱ አልቀረም። መሪው በ19ኛው መቶ ዘመን በብሪስቶል ብዙ ሺህ ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳደገውን ይህን ሰው ለማሳደጊያው ሐሳብ ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሰው ነበር። አንድ ሽማግሌ ሙለር የእግዚአብሔርን ፈቃድ ሲፈልግ የሚጀምረው በጉዳዩ ላይ ልቡ የራሱ ፈቃድ እስከማይኖረው ድረስ በመቆየት እንደነበረ አስታወሱት። ቤቶቹ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

ከዚህ በኋላ መረጃ መሰብሰብ የጸሎቱ አካል ተደረገ። ነህምያ ስለ ፈረሰው የኢየሩሳሌም ቅጥር ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን፣ አራት ወር ያህል፣ አዝኖና ጸልዮ፣ ንጉሡ ሲጠይቀው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ለማን ደብዳቤ እንደሚጻፍ፣ እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ አዘጋጅቶ ነበር። ኢየሩሳሌም ደርሶም ቅጥሩን በሌሊት ዞሮ አየ። ሰባቱም ሥራ ተከፋፈሉ።

አንዱ ልጆቹ ሥራ በሚያቆሙበት ሰዓት ከመናኸሪያው ተነሥቶ እስከ ግቢው በእግሩ ሄደ። ዝናብ ነበር፣ ዳገት ነበር፣ መብራት በከፊል አልነበረም። ሌላዋ ልጆቹን ጠየቀች። ብዙዎቹ ለቤተሰብ ገንዘብ እንደሚልኩ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ወደ አጋሮና ማና ለቡና ለቀማ እንደሚሄዱ ነገሯት። አንዱ «እዚያ ከሄድን ቦታችንን ማን ይጠብቅልናል?» አላት። የሊስትሮ ቦታ በመናኸሪያ ዙሪያ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ለሦስት ቀን የጠፋ ልጅ ሲመለስ ሌላ ልጅ ተቀምጦበት ያገኛል። አገልግሎቱ ዓመታት አብሯቸው ሲኖር ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት የተላከው አባል ይዞት የመጣው ከባድ ነበር። ልጆችን ማሳደር ከማስጠናት የተለየ ፈቃድ፣ ባለሙያና ክትትል ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአገሪቱ የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ደግሞ ልጅን በተቋም ማሳደግን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ከቤተሰብ ጋር መልሶ ለማገናኘት ነው። አገልግሎቱ በትርፍ ጊዜው ሲሠራው የነበረው፣ ልጅ መሸኘቱ፣ ከዋናው ሥራ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉም የከበደው ግን ከጎረቤት ሐጂ የመጣው ምክር ነው። ወደ እርሳቸው እንዲኬድ ሐሳብ ያቀረበችው ገንዘብ ያዥዋ ናት። ሐጂው በአክብሮት ተቀበሏቸው፤ ቡና ተፈላ። «ልጆቹን ማስተማራችሁ፣ ማብላታችሁ መልካም ነው፤ አላህ ይስጣችሁ። ማሳደር ግን ሌላ ነገር ነው። የልጁ አባት ነገ መጥቶ ልጄን ማን ወሰደው ቢል ምን ትላላችሁ?» አሉ። በ2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦና አካባቢው አብያተ ክርስቲያናት የተቃጠሉበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው የዚህን ጥያቄ ክብደት ያውቃል። ሐጂው ግን ያሉት በማስፈራራት ሳይሆን በአባትነት ነው፤ ቡድኑም እንዲሁ ሰማው።

በሐምሌና በነሐሴ በየረቡዑ የጾም ቀን ተደረገ። አንድ ክፍል ይነበባል፣ ለረጅም ጊዜ በዝምታ ይቆያል፣ እያንዳንዱ በልቡ ያለውን ይጽፋል፣ ከዚያ በዕድሜ ከሁሉ ከሚያንሰው ጀምሮ ይነበባል። መሪው መጨረሻ ነው። የዝምታው ነገር መጀመሪያ ጮኾ መጸለይ ለለመደ ሰው አስቸጋሪ ነበር። ጅማ በሐምሌ የሚዘንበውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ሲንኮሻኮሽ መናገርም መስማትም ስለማይቻል ሰዉ በግድ ዝም አለ።

ያልሠሩ ነገሮች

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ አባል ምልክት እንለምን አለ። በመሳፍንት 6 ጌዴዎን የበግ ጠጕር ባዘቶ ዘርግቶ ምልክት እንደለመነ፣ አከራዩ እስከ ዓርብ ኪራዩን ዝቅ ካደረገ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እንበል። ሽማግሌዎቹ አልወደዱትም፤ ግን ተለመነ። ሐሙስ ዕለት አከራዩ ኪራዩን ቀነሰ።

ለሁለት ቀን ቡድኑ ደስታ በደስታ ሆነ። ገንዘብ ያዥዋ ራሷ «እንግዲህ ምን እላለሁ» ብላ ለመፈረም ተዘጋጅታ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ምልክቱን ያቀረበው አባል ነገሩን ለደላላው አጫውቶት እንደነበር ታወቀ፤ በየዋህነት፣ እንደ ምስክርነት። ደላላው ምን ያህል ቢቀነስ «የእግዚአብሔር ፈቃድ» እንደሚሆን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ኮሚሽኑን የሚያገኘው ቤቱ ሲከራይ ነው። እኔ ደላላውን አልወቅሰውም።

ምልክቱ ከተበላሸ በኋላ ያመጣው ጉዳት ቶሎ አልሻረም። ሁለት አባላት «ምልክት ተሰጥቶን ናቅነው» ብለው አመኑ። ጌዴዎን ባዘቶውን የዘረጋው ግልጽ ትእዛዝ ከተቀበለ በኋላ፣ ለፍርሃቱ ነው፤ ሁለቱ ግን ይህን ለመስማት ዝግጁ አልነበሩም። በመጨረሻ አገልግሎቱን ለቀቁ። አንደኛው በሌላ አጥቢያ እያገለገለ ነው፤ ከሌላኛው ጋር አሁንም ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው።

የአዳር ጸሎቱም አልረዳም። ጉዳዩ ለምእመናን ሁሉ ተነግሮ አንድ ዓርብ ሌሊት ተጸለየ። ብዙ ቃል መጣ፤ አንዱ ሂዱ፣ ሌላው ቁሙ፣ ሦስተኛው ስለ ፍጹም ሌላ ነገር። ማንም አልመዘገበም። በማግስቱ በከተማው ያሉ አማኞች ስለ ማሳደጊያው ሦስት ዓይነት ወሬ ያወሩ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ ለለጋሹ ደረሰ። ስለ ጉዳዩ ዝርዝር የማያውቅ ሕዝብ ሊማልድ ይችላል፤ ሊወስን ግን አይችልም።

ውሳኔውና የተከተለው

በነሐሴ መጨረሻ ከቀሩት አምስቱ አራቱ ማሳደጊያው እንዲቀር፣ አገልግሎቱ በመናኸሪያው አቅራቢያ አነስተኛ ቦታ እንዲፈልግና ልጆችን ከቤተሰብ ጋር ማገናኘት ዋና ሥራው እንዲሆን ተስማሙ። አራተኛው ሰው መሪው ነው። አምስተኛው «አልተስማማሁም፤ ግን አብሬ እቆማለሁ» አለ። ይህ ቃል በቃለ ጉባኤው ውስጥ እንዲጻፍ ጠይቆ ተጽፎለታል።

ለለጋሹ ተጻፈለት፤ ገንዘቡን ለአነስተኛው ቦታና ለልጆቹ ጉዞ ቢያውለው ተለመነ። አዘነና ተወው። እሺ ተብሎ ከዚያ አይሆንም መባሉ፣ በመካከሉም ወሬ መስማቱ ነው ያስቀየመው፤ ቢቀየም አይፈረድበትም። አገልግሎቱ ከመስከረም ጀምሮ የአጥቢያውን የኋላ ክፍሎች በውሰት ተጠቀመ። ራቱ በሳምንት ወደ ሦስት ቀን ወረደ። ልጆቹ ከመዘምራን ልምምድ ጋር በአንድ ሰዓት ስለተገናኙ በሒሳብ ትምህርት መካከል ሶፕራኖ ይሰማ ነበር። የቀሩ ልጆች አሉ፤ የት እንደሄዱ ያልታወቁም አሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ በአባላት መዋጮ በመናኸሪያው አቅራቢያ ከሱቅ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራዩ።

ግቢው አልተደረመሰም፤ ጎርፍም አልወሰደው። ሌላ ተከራይ ገብቶበት በደህና እየሠራበት ነው። ስለዚህ «ባንሄድ ኖሮ ይህ አደጋ ይደርስብን ነበር» የሚል ምስክርነት ከዚህ ጉዳይ አይወጣም። ገንዘብ ያዥዋም ስትጠየቅ «ልንሳሳት እንችላለን፤ ግን ሳንጠይቅ አልተሳሳትንም» ነው የምትለው።

ለሌላ አገልግሎት የሚተርፈው

መሪ ከመጸለዩ በፊት ለማን ምን ቃል እንደሰጠ ቢናገር ከብዙ ጾም ይቀድማል። ጥያቄውን የሚጠይቀው ግን ከቡድኑ ውጭ ያለ፣ መሪው የሚያከብረው ሰው ቢሆን ይሻላል፤ በዕድሜ የሚያንሱት «ጋሼ፣ እሺ ብለሃል ወይ?» ለማለት አይደፍሩም፤ በባህላችንም አይጠበቅባቸውም። ከታናሽ ጀምሮ ማንበብ የተሳካውም በዚሁ ምክንያት ነው። መሪ ቀድሞ ከተናገረ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ማስተጋባት ነው። አንዳንድ መሪዎች ይህን ሥርዓት ሲሰሙ ሥልጣኔን ቀማኝ ይላሉ። የዚህ መሪ ተሞክሮ ሌላ ነው፤ ሌሎቹ ምን እንደሚያስቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው ይላል።

ሰላም ማጣትን እንደ ማስረጃ መቀበል ያስፈልጋል፤ ግን እንደ ፍርድ አይደለም። ገንዘብ ያዥዋ ሰላም የለኝም ብላ ብቻ ብታቆም ኖሮ ነገሩ የእርሷ ሰላምና የመሪው ሰላም ግጥሚያ ይሆን ነበር። ከሰላሟ ማጣት ጋር ሊመረመር የሚችል ጥያቄ አቀረበች፤ ልጆቹ በምን ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜ በልብ ውስጥ ያለው ሁከት ያልተጠየቀ ተግባራዊ ጥያቄ አለው፤ አውጥቶ ማየት ነው።

ምልክት መለመንን በተመለከተ የእኔ አቋም ጠንካራ ነው፦ ሌላ ሰው ሊያንቀሳቅሰው የሚችል ነገር ምልክት አይደረግ። ዋጋ፣ ቀጠሮ፣ የቢሮ ፊርማ ሁሉም ጥቅም ያለው ሰው እጅ አለበት። የሐዋርያት ሥራ 16ን እንኳ ብናይ፣ ጳውሎስ በሌሊት ራእዩን ያየው ብቻውን ነው፤ እግዚአብሔር ወደ መቄዶንያ እንደጠራ ግን አብረውት ያሉት ሁሉ አስተውለው ደምድመዋል፤ ጸሓፊው በዚያ ቦታ «እኛ» ብሎ ነው የሚጽፈው።

ጸሎት ላይ ያለ ጉዳይ በአገልግሎቱ የሚነኩትን ሰዎች ሳይሰማ መልስ አግኝቷል ማለት ይከብዳል። በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ ብርሃን የሰጡት ሊስትሮው ልጅና ሐጂው ናቸው። ሁለቱም በጸሎት ስብሰባው አልነበሩም።

ለጋሹን በተመለከተ አገልግሎቱ አሁን የተለየ ልማድ አለው። ስጦታ የሚያቀርብ ሰው ሲመጣ በዚያው ቀን አጭር መልእክት ይልካሉ፦ እናመሰግናለን፣ ለመጸለይና ለመመርመር ይህን ያህል ሳምንት ያስፈልገናል፣ መልሱ አይሆንም ሊሆን ይችላል፣ እርስዎም አብረውን ይጸልዩ። ይህን አንብቦ ወደ ሌላ የሄደ ለጋሽ አለ። ሌላው ደግሞ ቅድመ ሁኔታውን ራሱ ለውጦ መልሶ ጻፈላቸው፤ የዘንድሮው የልጆች መሸኛ ትራንስፖርት የሚከፈለው ከእርሱ ገንዘብ ነው።